ምዕራፍ 7፦ ማቃናትና ማቆየት

ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ መሐል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የእናቶች ሆስፒታል ነው። የካዛንቺስና የአካባቢው ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ለቅሷቸውን ያሰሙት እዚያ ነው። እዚያም ሆነ በሌላ ማዋለጃ ክፍል፣ አዋላጅ ነርስ ሕፃኑን ተቀብላ ካደራረቀች በኋላ ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ ታየዋለች። ከሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ዓይኗ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ የፊተኛው የእግር ክፍል ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ መሬት ሊረግጥ የሚገባው ውስጥ እግሩ ዞሮ ሌላኛውን እግር ያያል።

እናት ገና ከምጥ ሳታገግም ምክር ይዘንብባታል። አያት «ልጄ፣ ወጌሻ ይየው» ይላሉ። ጎረቤት ጸበል ትጠቁማለች። አባት «ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። «ሲያድግ ይስተካከላል፣ ዝም በሉት» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ሁሉም ግን ትክክል ሊሆኑ አይችሉም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። እግሩን ማቃናት የሥራው ግማሽ ነው፤ የተቃናውን ማቆየት ሌላው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በሳምንታት ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመታት ይወስዳል። ወላጆች የሚገጥሟቸውን ውሳኔዎች በዚህ ሐሳብ ብርሃን አንድ በአንድ እንያቸው።

እግሩ ምን ሆኗል?

ሐኪሞች ክለብ ፉት ይሉታል፤ እኛ ቆልማማ እግር ወይም የእግር መቆልመም እንለዋለን። በወንዶች ላይ ከሴቶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ሁለቱም እግራቸው የተቆለመመ ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ፣ ከሺህ አንድ በሚለው ስሌት በየዓመቱ ሦስት ሺህ ያህል ቤተሰብ ይህንን እግር ታቅፎ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

በምዕራፍ 2 የሕፃን አጥንት ገና አጥንት ሆኖ ያላለቀ፣ አብዛኛው ክፍሉ ካርቲሌጅ የሚባል የሚለመጥ አካል መሆኑን አይተናል። በቆልማማ እግር ውስጥ የጎደለም የተሰበረም አጥንት የለም። ችግሩ ያለው አጥንቶቹን አያይዘው በሚይዙት ጅማቶች ላይ ነው። ከእግሩ በውስጥና በኋላ በኩል ያሉት ጅማቶች በማህፀን ሳሉ ወፍረውና አጥረው አጥንቶቹን ወደ ራሳቸው ጎትተዋል። አንዳንድ ጊዜ ይህ በእርግዝና አጋማሽ ላይ በአልትራሳውንድ ይታያል።

መንስኤው ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ ስላለው በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለበት ይታወቃል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የሠራችው ሥራ ወይም የተቀመጠችበት ሁኔታ ልጁን አላቆለመመውም። እርግማንም ቁጣም አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ጥፋተኛ ነኝ ብላ የምታስብ እናት ልጇን ደብቃ ታስቀምጣለችና።

እርጥብ ቆዳና ችካል

በሬ ታርዶ ለቁርበት የሚሆን ቆዳ ሲዘጋጅ ያየ ሰው የሕክምናውን ምስጢር ግማሹን ያውቃል። ቆዳው ሳይደርቅ ዳር ዳሩ ተበስቶ በችካል ይወጠራል። በአንዴ ከመጠን በላይ የሳበው ይቀደዋል። በመጠኑ ስቦ፣ ችካል መትቶ፣ እስኪላመድ ጠብቆ እንደገና የሳበው ግን የፈለገውን ስፋት ያገኛል። ቆዳው ቅርፁን ሳይዝ ችካሉን የነቀለ ሰው ደግሞ በማግስቱ ተጨማዶና ተጠቅልሎ ያገኘዋል።

ንጽጽሩ ከላይ ከላይ አይደለም። ቆዳንም ጅማትንም የሚያጠነክራቸው ኮላጅን የሚባል አንድ ዓይነት ክር ነው። በአዲስ የተወለደ ሕፃን ጅማት ውስጥ ይህ ክር እንደ ማዕበል የተጣጠፈ ነው። ቀስ ተብሎ ሲሳብ እጥፋቱ ይፈታል፤ ጅማቱ በዚያው ርዝመት ለጥቂት ቀናት ከተያዘ ክሩ አዲሱን ርዝመት ይለምድና እንደገና መጣጠፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጅማቱ ለሚቀጥለው ስበት ዝግጁ ነው። በጉልበት ከተሳበ ግን ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጅማት ሲድን በጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ የባሰ ግትር ነው።

ይህን በሚገባ ያስተዋሉት ዶ/ር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ። በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን አከሙ፤ ወገናቸው ከተሸነፈ በኋላ በፈረንሳይና በሜክሲኮ በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። እዚያ በሕፃንነታቸው በቀዶ ጥገና እግራቸው የተስተካከለ ሰዎችን መልሰው ሲመረምሩ፣ ቅርፁ የተቃናው እግር ግትርና የሚያም ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በእጅ፣ በጄሶና በጥቂት ቢላዋ የሚሠራ ሌላ መንገድ ጀመሩ። ባልደረቦቻቸው ለረጅም ጊዜ ችላ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ግን እርሳቸው ያከሟቸው ልጆች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ሲታዩ፣ ከመቶ 78ቱ እግራቸው በጣም ጥሩ ወይም ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ቆልማማ ሆነው ካልተወለዱ ሰዎች መካከል በዚያው መለኪያ ይህን ያገኙት ከመቶ 85 ነበሩ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ዛሬ የፖንሴቲ ዘዴ የሚባለው በዓለም ዙሪያ ቀዳሚው ሕክምና ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ይታከም ወይስ ይጠበቅ?

ባለፈው ምዕራፍ ጠፍጣፋ እግርና ገና መራመድ የጀመረ ልጅ የእግር መወልገድ አብዛኛውን ጊዜ በዕድገት እንደሚስተካከሉ፣ ለእነሱ ትዕግሥት ራሱ መድኃኒት እንደሆነ ተነጋግረናል። የቆልማማ እግር ነገር ግን ተቃራኒ ነው። እዚህ ዕድገት ከሕመሙ ጋር ይተባበራል። ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር የሚረግጠው በእግሩ ውጭኛ ጎን፣ አንዳንዴም በእግሩ ጀርባ ነው። ቆዳው ይጠጥራል፤ ካርቲሌጅ የነበረው ክፍል በጠማማው ቅርፅ ወደ አጥንት ይለወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ እግሩ በእርግጥ ቆልማማ ነው ወይስ በማህፀን ተጣብቦ ለጊዜው ብቻ የታጠፈ ነው የሚለው ነው። ለጊዜው የታጠፈው እግር ሐኪሙ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ሲያቃናው ይታዘዛል፤ በማሻሸትና በመጠበቅ ይስተካከላል። እውነተኛው ቆልማማ እግር አይታዘዝም። ከተረከዙ በላይና በውስጥ እግሩ መሐል ጠለቅ ያለ የቆዳ መስመር አለው፤ ባቱም ቀጠን ይላል። ባለሙያው ስድስት ምልክቶችን እያየ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ወደ 6 ሲጠጋ እግሩ ክፉኛ ተቆልምሟል ማለት ነው። ይህ የፒራኒ ነጥብ ይባላል። በየሳምንቱ ስለሚመዘገብ ወላጅም ነጥቡ ሲወርድ እያየ ይበረታል።

ጥሩ ሐኪም እግሩን ብቻ አይቶ አይመለስም። የልጁን ጀርባና ዳሌ ይመረምራል። ጥቂት ሕፃናት ላይ መቆልመሙ የአከርካሪ አጥንት ክፍተት ወይም የሌላ ሕመም አካል ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የሕክምናውን መንገድ ይለውጠዋል።

ሁለተኛው ውሳኔ፦ መቼ፣ በማን እጅ?

ቆልማማ እግር በሌሊት ሆስፒታል የሚያስሮጥ ድንገተኛ ሕመም አይደለም። እናት ታርፍ፤ ልጁም ጡት ይልመድ። ነገር ግን ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል፤ ቆዳው እርጥብ የሆነው ያኔ ነውና።

በማን እጅ የሚለው ከመቼው አይተናነስም። ወጌሻዎች በውልቃትና በስብራት ላይ የኖረ እውቀት አላቸው፤ ማኅበረሰቡም ያከብራቸዋል። ለዚህ እግር ግን በጉልበት መጠምዘዝ ቀደም ብለን ያየነውን መቀደድ ያመጣል። እግርን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን ዘግቶ እግሩን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ይህን ጉዳት ደጋግመው ያዩታል። ጸበል የሚሄድ ቤተሰብም የክሊኒኩን ቀጠሮ ሳያቋርጥ መሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«ጄሶ ተደርጎለታል» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ከፖንሴቲ በፊት የአትላንታው ሐኪም ሃይራም ካይት በጄሶ ያክሙ ነበር፤ ልጆቹ ግን ብዙ ወራት በጄሶ ይቆዩ ነበር። ልዩነቱ ያለው በአውራ ጣት ላይ ነው። ካይት እግሩን ሲያቃኑ የሚገፉት የእግሩን ውጭኛ ጎን መሐል ነበር፤ ይህ ደግሞ የተረከዙን አጥንት ከመዞር ያግደዋል። ፖንሴቲ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት በሚዳሰሰው አጥንት ላይ ነው። ያኔ ቀሪው እግር በዚያ አጥንት ዙሪያ እንደ ልብ ይዞራል። አንድ ጣት ያህል የቦታ ልዩነት የወራትን ሥራ የሳምንታት አደረገው። ወላጅ ስለዚህ «በፖንሴቲ ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በዚህ ሕክምና ይታወቃል። ከኪዩር የቆልማማ እግር መርሐ ግብር የወጣው ሆፕ ዎክስ የተባለ ድርጅትም በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ ክሊኒኮችን ይደግፋል። ቤተሰብ የወለደበትን ጤና ተቋም ሪፈር ጠይቆ መነሳት ይችላል።

የጄሶዎቹ ሳምንታት

ቀጠሮው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ባለሙያዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ ሌላው ጄሶውን ይጠቀልላል። «እናት፣ ጡት አጥቢው» ይሏታል፤ የሚጠባ ሕፃን እግሩን አያወራጭም። እግሩ ለደቂቃ ያህል በቀስታ ይሳባል፤ ልጁ ካለቀሰ ስበቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ጥጥ፣ ከጥጡ በላይ ውኃ ውስጥ የተነከረ ጄሶ ይጠቀለላል። መጀመሪያ ከጣት እስከ ጉልበት ይሠራል፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ታጥፎ እስከ ጭኑ ሥር ይደርሳል። ብዙ ወላጅ «ሕመሙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ጄሶው እስከ ጭን ለምን?» ይላል። ከጉልበት በታች ብቻ የሆነ ጄሶ ከሕፃን ወፍራም እግር ላይ ይሾልካል፤ እግሩ ወደ ውስጥ መልሶ እንዳይዞርም አያግደውም። ችካሉ የሚመታው ቆዳው ዳር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጄሶ ሲፈታ እግሩ የባሰ የዞረ ሊመስል ይችላል። ይህ በሥርዓቱ የሆነ ነው። በቅድሚያ ወደ ታች የተቀለበሰው የአውራ ጣት ጎን ይነሳና ከቀሪው የፊት እግር ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እግሩ እንዳለ ወደ ውጭ ይዞራል። የተሰቀለው ተረከዝ የመጨረሻው ነው። በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል።

ቤት ውስጥ የእናት ሥራ ጣቶቹን ማየት ነው። ጣቱን ጫን ሲሉት ይነጣል፤ ሲለቁት ወዲያው ደም ይመለሳል። ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ካበጠ፣ ወይም ጣቶቹ ወደ ጄሶው ውስጥ ከገቡ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው።

ቀጠሮ ማክበር ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። ትናንት በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ሆስፒታል ዛሬ ብዙ መንገድ ይፈልጋል፤ ልጅ ታቅፎ ሚኒባስ መሳፈርና የቀን ገቢ ማጣት በየሳምንቱ ይደጋገማል። ስለዚህ ሕክምናው ሲጀመር ቤተሰቡ «የትኛው ክሊኒክ ይቀርበናል? ማን ያግዘናል?» ብሎ ቢወስን የሕክምናው አካል ነው። አንድ ሳምንት የዘለለ ሰው ደግሞ አፍሮ እንዳይቀር፤ ባለሙያው ከቆመበት ይቀጥላል።

ሦስተኛው ውሳኔ፦ ቢላዋው ምን ያህል?

ከአሥር ሕፃናት በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ የተረከዙ ጅማት በጄሶ ብቻ በበቂ ሁኔታ አይረዝምም። ይህ ጅማት ወፍራም ነው፤ በስበት አይበገርም። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ በጠባብ ቀዳዳ ይቆርጠዋል። ሥራው ደቂቃዎች የሚወስድ ነው። ከዚያ የመጨረሻው ጄሶ ለሦስት ሳምንት ይደረጋል፤ የሕፃን ጅማት በዚያ ጊዜ ውስጥ ረዝሞ ይገጥማል። «ጅማቱ ከተቆረጠ እንዴት ይሄዳል?» ብለው የሚፈሩ ወላጆች አሉ፤ ፍርሃታቸው በአዋቂ ሰው ላይ ቢሆን ትክክል ነበር። የሕፃን አካል ግን ገና እየተሠራ ያለ በመሆኑ መልሶ ይሠራዋል።

ትልቁ ቀዶ ጥገና፣ ማለትም መገጣጠሚያዎችን ከፍቶ ብዙ ጅማቶችን መልቀቅ፣ ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ በአንድ ቀን ስለሚታይ ያጓጓል። ፖንሴቲ ቀድመው እንዳዩት ግን ጠባሳው ልጁ ካደገ በኋላ እግሩን ያገትረዋል። ዛሬ ይህ ቀዶ ጥገና በጄሶ ላልተረታ እግር የሚቀመጥ አማራጭ ነው። ማንም ወላጅ ጄሶው ሳይሞከር ትልቅ ቀዶ ጥገና ቢታዘዝለት «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅና የሌላ ሐኪም ሐሳብ ለመስማት ሙሉ መብት አለው።

አራተኛው ውሳኔ፦ የማታው ጫማ

አሁን እግሩ ቀጥ ብሏል። ቤተሰብ ይደሰታል፤ ጎረቤት «ዳነ!» ይላል። አብዛኛው ውድቀት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይሰጡታል። የታመመው እግር ወደ ውጭ 70 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይታሰራል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ ብቻ ያደርገዋል። ኡጋንዳ ውስጥ ሚኪል ስቴንቤክ የተባሉ ባለሙያ በአካባቢው ከሚገኝ ቆዳና ብረት የሚሠራ የዚህ ጫማ ዓይነት ቀርጸዋል፤ በዝቅተኛ ዋጋ በአገር ውስጥ ወርክሾፕ ሊሠራ የሚችል ነው።

ለምን ይህን ያህል ዓመት? የቆዳው ምሳሌ እዚህ ጋ ወሰን አለው። ቁርበት አንዴ ከደረቀ አያድግም፤ የልጅ እግር ግን በየወሩ ያድጋል። ጅማቶቹን ያሳጠራቸው ዝንባሌ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አብሮ ይኖራል። ጫማው ችካሉ ነው። በፖንሴቲ ዘዴ የሚያክሙ ባለሙያዎች እንደሚያስተምሩት፣ ጫማውን በትክክል ካደረጉ ልጆች መካከል መቆልመሙ የሚመለስባቸው ከመቶ ስድስት ያህሉ ናቸው፤ ካላደረጉት መካከል ግን ከመቶ ሰማንያ በላይ ነው።

ጫማው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያስለቅሳል። ሁለቱ እግሮች በዘንግ ስለተያያዙ እንደ ልማድ በጀርባ ማዘል አይቻልም፤ ታቅፎ መያዝ ይጠይቃል። አያት አንጀታቸው እየተላወሰ «ዛሬ እንኳን ይረፍ» ይላሉ። ያቺ አንድ ሌሊት ናት ሳምንት የምትሆነው። የሚረዳው ልማድ ነው፦ ሁልጊዜ ከመኝታ በፊት ንጹሕ ካልሲ ማልበስ፣ ተረከዙ ጫማው ውስጥ ወርዶ መቀመጡን ማየት፣ ማሰሪያውን ማጥበቅ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አብሮ እያጠፉና እየዘረጉ ማጫወት። ልጁ ሁለቱ እግሮቹ አንድ ላይ እንደሚንቀሳቀሱ ሲገባው ይረጋጋል። ቆዳው ከቀላ ወይም ከቆሰለ ጫማውን አውልቆ ቤት ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ክሊኒኩ ወስዶ ማስተካከል ነው። አያትን፣ ሠራተኛን፣ ልጁን የሚይዘውን ሁሉ ጫማውን ማሰር ቢያስተምሩት ሸክሙ እናት ላይ ብቻ አይወድቅም።

ጊዜው ካለፈስ?

ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የአምስት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ይሆናል። ለእርሱም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዶ/ር ብርሃኑ አያና ከፒተር ክሉንግሶይር ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ሳይታከሙ የቆዩ 22 ልጆች በፖንሴቲ ዘዴ ታክመዋል። የጄሶው ቁጥር ይጨምራል፤ ተጨማሪ ቀዶ ጥገናም ያስፈልጋል። ሁሉም ግን በውስጥ እግራቸው መሬት መርገጥ ችለዋል። በጥቂቶቹ ላይ መቆልመሙ ተመልሶ እንደገና መታከም ነበረባቸው። ቆዳው ደርቋል፤ ግን እንደ እንጨት አልሆነም።

እግሩ ከታከመም በኋላ ባቱ ከሌላኛው ቀጠን ሊል፣ እግሩም በመጠን ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ይህ መሮጥን አይከለክልም። በኦሎምፒክ ሁለት ወርቅ ያገኘችው አሜሪካዊት እግር ኳስ ተጫዋች ሚያ ሃም ቆልማማ እግር ይዛ ነው የተወለደችው።

ለወላጅ

ልጅዎ እግሩ ዞሮ ከተወለደ አራት ነገር ያድርጉ። እግሩ በእርግጥ ቆልማማ መሆኑን ያስመርምሩ። በፖንሴቲ ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጉና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀምሩ። የተረከዙን ጅማት መቆረጥ አይፍሩ፤ ትልቁን ቀዶ ጥገና ግን ሳይጠይቁ አይቀበሉ። የማታውን ጫማ ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው በአንድም ሌሊት አያስቀሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሐኪም ያግዝዎታል። አራተኛውን የሚወስኑት በየማታው እርስዎ ነዎት፤ የልጁን አረማመድ ከሁሉም በላይ የሚወስነውም እርሱ ነው።